በከርል የፎርም መረጃ ሲልኩ ልዩ ምልክቶችን ልብ ይበሉ

ከትእዛዝ መስመር በከርል (መረጃ በኢንተርኔት ለመላክና ለመቀበል በሚያገለግል ፕሮግራም) የፎርም መረጃ ወደ ሰርቨር ሲላክ፣ «ዳታ» (--data) የተባለው አማራጭ የተሰጠውን ጽሑፍ ኢንኮድ ሳያደርግ (ማለትም ልዩ ምልክቶችን ለመላክ ወደሚያመች ኮድ ሳይቀይር) እንዳለ እንደሚልከው ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት በስልክ ቁጥር መነሻ ላይ ያለው የመደመር ምልክት ሰርቨሩ ዘንድ ክፍት ቦታ ሆኖ ይነበባል፤ በእሴቱ መካከል የአምፐርሳንድ (&) ምልክት ካለ ደግሞ ቀሪው ጽሑፍ እንደ ሌላ መስክ ይቆጠራል። ከርል ስለዚህ ምንም ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ፣ የስህተቱን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ስለሆነም ሰው የጻፈውን ማንኛውንም ጽሑፍ «ዳታ ዩአርኤል ኢንኮድ» (--data-urlencode) በሚለው አማራጭ መላክን አጥብቄ እመክራለሁ፤ አማራጩ ከመጀመሪያው የእኩል ምልክት በኋላ ያለውን ሁሉ ኢንኮድ ስለሚያደርግ፣ ለእያንዳንዱ መስክ ለየብቻ መጻፍ አለበት። ፋይል ለመጫን ግን «ፎርም» (--form) የተሰኘው አማራጭ ያስፈልጋል። በሦስቱም አማራጮች ከርል የፖስት ዘዴን (መረጃን ወደ ሰርቨር የመላኪያ የኤችቲቲፒ ዘዴ) ራሱ ይመርጣል።