የጋቢናው ወንበር ሴንሰር እንዴት ይቀየራል?

ጋቢና ማንም ሳይቀመጥ መኪናው «ቀበቶ እሰር» እያለ ይጮኻል? ወይስ የኤርባግ መብራት አልጠፋም አለ? ሰው መቀመጡን የሚለየውን ሴንሰር ጠርጥሩ።

መጀመሪያ ሞተር አጥፉና የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ቢያንስ 3 ደቂቃ ጠብቁ፤ የኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ይውጣ። ከወንበሩ ስር ያለው የሽቦ ሶኬት ተነቅሎ እያለ ቁልፍ አትክፈቱ። ኮምፒውተሩ ስህተት ይመዘግብና ለማጥፋት የስህተት ኮድ የሚያነብ ማሽን ትፈልጋላችሁ።

ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ከመውረዳችሁ በፊት ግን ጎንበስ ብላችሁ ከወንበሩ ስር እዩ። ለገጣፎ አካባቢ ክረምት ሲሆን ምንጣፉ በጭቃ ይለወሳል፤ ላቫጆ ደግሞ ውሃውን ይለቁበታል። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ አጽዱት፣ አድርቁት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ሰኩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ወንበሩ ይወጣል። 4 ቡሎን ነው፤ ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቁጥር ይበቃል።

ፈተናው ልብሱን መግፈፍ ላይ ነው። ከስፖንጁ ጋር ያያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ቁረጡ እንጂ አትጎትቱ፤ ስፖንጁ ይቀደዳል። ሴንሰሩ ውስጡ መስመር የታተመበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። አዲሱን እዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ ዘርጉት። እንዳይታጠፍ! መስመሩ አንዴ ከተሰነጠቀ አለቀለት። ስፖንጁ ጎርበጥ ካለ፣ ወይም ያሰፋችሁት የቆዳ ልብስ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ባዶውን ወንበር «ሰው አለበት» ይላል። በቀለበቱ ፋንታ የፕላስቲክ ማሰሪያ ብትጠቀሙ ጫፉን አሳጥራችሁ ወደ ታች አዙሩት።

አንዳንድ መኪና ላይ ሴንሰሩ ከስፖንጁና ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቀየረው፤ ክብደት የሚመዝነው ዓይነት ደግሞ ወንበሩ ባዶ ሆኖ በማሽን ዜሮ መደረግ አለበት። ስለዚህ የዕቃውን ቁጥር ሳታስተያዩ ያገለገለ አትግዙ።

«ሽቦውን አጋጥመን መብራቱን እናጥፋልህ» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። እኔ አይመቸኝም። ሴንሰሩ ኤርባጉን በሚያዝበት መኪና ላይ ጋቢና ልጅ ቢቀመጥ ኤርባጉ ሊፈነዳበት ይችላል፤ ወይም አዋቂ ተቀምጦ አልሰራም ይላል።

ወንበሩን መልሳችሁ እሰሩ፣ ሶኬቶቹን ሰኩ፣ ባትሪውን በመጨረሻ አገናኙ። ቁልፍ ክፈቱ፦ ባዶ ሲሆን ዝም፣ ሰው ሲቀመጥ የቀበቶ መብራት፣ ሲታሰር ጥፍት። የኤርባጉ መብራት አሁንም ከበራ ማሽን ያለው ጋር ሄዳችሁ ኮዱን አስነብቡ።