በጨዋታ ማሠልጠን፦ ከአባሮሽ እስከ መሀል ባልገባ

16 ልጆች አንድ ኳስ ይዘው ተሰልፈው፣ ተራ በተራ ኮን እየዞሩ ሲመለሱ አይተው ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ኳስ የሚነካው ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይዘል ነው። የቀረውን ጊዜ የፊተኛውን ጀርባ ሲያይ ያሳልፈዋል። ደግሞም ኮን ኳስ አይነጥቅም። ልጁ መቼ ማቀበል፣ መቼ ማለፍ እንዳለበት የሚማረው ሊነጥቀው የሚመጣ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ከሰልፍ ይልቅ በጨዋታ ያሠልጥኑ።

1. መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። የዛሬው ልምምድ ስለ ቅብብል ነው? ኳስ ከተነጠቁ በኋላ ስለ መመለስ? ከዚያ ያ ነገር ደጋግሞ እንዲከሰት የሚያስገድድ ጨዋታ ይፈልጉ። ቅብብል እንዲበዛ ከፈለጉ የንክኪ ቁጥር (አንድ ልጅ ከማቀበሉ በፊት ኳሱን ስንት ጊዜ እንደሚነካ) ይገድቡ፤ ክንፍ እንዲጠቀሙ ከፈለጉ ጎሎቹን ወደ ሜዳው ማዕዘን ያርቁ። ደንቡ ራሱ ይናገርልዎታል፣ እርስዎ መጮህ አይኖርብዎትም።

2. ከ5 እስከ 8 ዓመት፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኳስ። ቁጥር 3 ኳስ ይበቃል፤ ከሌለ የካልሲ ኳስም ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ስለ ቦታ አያያዝ ማውራት ድካም ነው፣ ሁሉም ኳሱ ላይ ይከመራሉ። አባሮሽን ያጫውቷቸው፦ ሁሉም ኳስ እየገፉ ይሸሻሉ፣ ሁለት ልጆች ያለ ኳስ ያባርራሉ። የተያዘው ኳሱን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ እግሩን ከፍቶ ይቆማል፤ ጓደኛው ኳስ በእግሮቹ መሀል ሲያሳልፍ ነፃ ይወጣል። የተያዘውን ከሜዳ ማስወጣት ግን ይቅር። ቶሎ የሚያዘው ልምምድ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ነውና።

3. ከ9 እስከ 12 ዓመት፦ መሀል ባልገባ፣ ማለትም ዳር ያሉት ኳስ ሲቀባበሉ መሀል ያለው ለመንጠቅ የሚሞክርበት ጨዋታ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ለማሟሟቂያና ለሳቅ ብቻ ይውላል፤ ይህ ትልቅ ብክነት ይመስለኛል። ዮሃን ክራይፍ ባርሴሎናን ባሠለጠነባቸው ዓመታት (1988–1996 እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ጨዋታ የልምምዱ ዋና አካል አድርጎት ነበር።

ስምንት በስምንት እርምጃ የሆነ አራት ማዕዘን ያስምሩ። አራቱ ዳር ላይ፣ አንዱ መሀል። ኳስ ያልያዙት ቆመው እንዲጠብቁ አይፍቀዱ፤ መሀል ያለው ልጅ ከሸፈናቸው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወጥተው መታየት አለባቸው። ጨዋታው ሲለመድ ሁለት ንክኪ ይበሉ። ያኔ ኳሱ ሳይደርሳቸው ዞር ብለው ማየት ይጀምራሉ። ወደ አንድ ንክኪ ግን አይቸኩሉ፤ ያልደረሱ ልጆች ላይ ከተጫነ የሚያተርፈው ጠለዛ ነው። ቀጥሎ አምስት ለሁለት ያድርጉትና በሁለቱ መሀል ሰንጥቆ ያለፈ ኳስ ነጥብ ያስቆጥር።

የመሀል ባልገባ ጉድለት ጎል የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከማዕዘኑ ውጭ አንድ ትንሽ ጎል ያስቀምጡ፤ መሀል ያለው ኳስ ከነጠቀ ወደዚያ ይምታ፣ የተነጠቁት ሮጠው ይከልክሉት። አሁን ማጥቃትም መከላከልም ተማሩ።

ቀጥሎ ወደ ሦስት ለሦስት ይለፉ። ጀርመናዊው ሆርስት ዋይን ያስፋፋው ዘዴ በየጫፉ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ትናንሽ ጎሎች አሉት። አንዱ ጎል ሲዘጋ ሌላው ክፍት ስለሆነ ልጁ ቀና ብሎ ማየት ግድ ይለዋል። አብዶ የሚሠራውን ልጅ እዚህ አይቆጡት፣ ቦታው ነው።

4. ከ13 እስከ 16 ዓመት፦ ጨዋታው ሁኔታ ይኑረው። «አንድ ለዜሮ እየመራችሁ ነው፣ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፣ አንድ ሰው በቀይ ወጥቷል» ይበሉና ይልቀቋቸው። ራሳቸው ይመካከሩ። በዚህ ዕድሜ ቁመት በድንገት ስለሚጨምር ትናንት ቀልጣፋ የነበረው ልጅ ዛሬ ሊደናቀፍ ይችላል። ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ላይ ሕመም ካለው ዝላይና ፈጣን ሩጫ ይቀንሱለት፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

5. ለአዋቂዎች አጭርና ጠንካራ። አራት ለአራት በጠባብ ሜዳ ልብን በኃይል ያስመታል፤ አራት ደቂቃ አጫውተው ሦስት ደቂቃ ያሳርፉ። ከሥራ በቀጥታ የመጡትን ሳያሟሙቁ አያስገቧቸው። የተሸነፈው ኮን ይሰብስብ፣ ለአዋቂ ይህ ይበቃል።

6. ሲያስቆሙ ይጠይቁ። ፊሽካ ይንፉ፣ ሁሉም ባለበት ይቁም፤ «ኳሱ ሲደርስህ ማን ነፃ ነበር?» ይበሉ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ወዲያው ጨዋታው ይቀጥል። በየደቂቃው የሚነፋ ፊሽካ ጨዋታውን ወደ ንግግር ይለውጠዋል።

ይኸው አሠራር ለቅርጫት ኳስም ለእጅ ኳስም ይሠራል፤ ኳስ ማንጠር ከከለከሉ ሁሉም ለመቀበል መሮጥ ይጀምራል።

ተጫዋች ጎዶሎ ከመጣ አንዱን የተለየ ቀለም ማለያ አልብሰው ኳስ ለያዘው ቡድን ሁሉ እንዲጫወት ያድርጉ። ውጤቱ አምስት ለዜሮ ከደረሰ ደግሞ ጨዋታው አስተማሪነቱ አብቅቷል፤ ከአሸናፊው አንድ ሰው አንሥተው ለተሸናፊው ይስጡና ከዜሮ ያስጀምሩ።