ጠዋት ጠዋት ለሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ ኮፈኑን ማታ ክፈቱት

እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያለ የድሮ መኪና ያላችሁ፣ ክረምት ሲገባ ጠዋት ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ቆሞ ሲሠራ) ከተንቀጠቀጠ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ካነቀው፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ከተስተካከለ፣ ካርቡራተር ለማስፈታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹን ጠርጥሩ፤ ነዳጁን በብልጭታ ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

ድቅድቅ ሲል ግቢ ውስጥ መኪናዋን አስነሱና ኮፈኑን ክፈቱ። መብራት በሙሉ ይጥፋ፣ የስልካችሁም ጭምር። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ በመስታወት ማጽጃ መርጫ ገመዶቹና ካሎታው (ገመዶቹ የሚሰኩበት ክዳን) ላይ ውሃ በስሱ ርጩ። በስሱ ነው ያልኩት፣ እጠቡት አላልኩም። የተሰነጠቀ ገመድ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ጠጠጠ እያለ ወደ ሞተሩ ብረት ሲዘል ታያላችሁ። በቃ፣ ተገኘ።

የባትሪውን ቮልት ከፍ ከሚያደርገው ቦቢና የሚወጣው ኤሌክትሪክ ብዙ ሺህ ቮልት ነው። የገመዱ ሽፋን በሙቀት ሲደርቅ በዓይን የማይለይ ስንጥቅ ያወጣል፤ እርጥበት ሲነካው ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጋ መድረሱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ብረቱ ይሾልካል፣ ያ ሲሊንደርም ሳይተኩስ ይቀራል። ፀሐይ ሲያደርቀው ችግሩ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

እጃችሁን እንዳታስጠጉ፣ ነጠላና ሻርፕም ከቬንትሌተሩ ይራቅ። ቤንዚን ከሸተታችሁ ጭራሽ አትሞክሩት። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አይሆንም፣ ጭሱ ይገድላል። እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ቦቢና የተቀመጠበት አዲስ መኪና ላይ ግን አትልፉ፣ ገመዱም የለውም። የተሰነጠቀውን ገመድ ስትቀይሩ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንዱ ካረጀ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸው።