አዲስ ዶሮዎችን ከቤታቸው ማላመድ፦ ከመጀመሪያዋ ማታ እስከ ቆጥ

የ45 ቀን ቄቦችን ገዝቶ ግቢው ውስጥ የለቀቀ ሰው የሚቸገረው ቀን ሳይሆን ማታ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ አዲሱን ቤት ትተው አጥር ጥግ፣ የሳሎኑ በር ሥር ወይም ከውሃ ሮቶው ኋላ ተጠጋግተው ይተኛሉ። እልከኝነት አይደለም። እነዚህ ቄቦች ያደጉት በአንድ ሰፊ ክፍል ወለል ላይ ነው፤ ብዙዎቹም ሌሊቱን መብራት በርቶላቸው። ሲመሽ ወደ ቤት የምታስገባ እናት አልነበረቻቸውም፤ አብዛኞቹ ቆጥም አያውቁም። ስለዚህ ሁለት ነገር መማር አለባቸው፦ ማደሪያቸው የት እንደሆነ፣ ከዚያም ከወለል ከፍ ብሎ ማደርን። የመጀመሪያውን ሳይይዙ ሁለተኛውን ለማስተማር መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ቤቱ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ለ10 ዶሮ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል። ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ይሁን። አየር መውጫው ከጣሪያው ሥር ይሁን፤ ነፋሱ ግን በቀጥታ ቆጡ ላይ እንዳይመታ። ቀን ላይ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ፣ ከደጁ ይልቅ ውስጡ ቀድሞ የሚጨልም ቤት አይማርካትም። የመግቢያዋ ቀዳዳ 30 በ35 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ይበቃል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ያለ ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ መወጣጫ አድርጉለት፤ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን እንጨት ምቱበት፤ ዝንባሌውም ገር ይሁን። የሚያንሸራትት መወጣጫ ላይ አንዴ የወደቀች ቄብ ሁለተኛ ለመሞከር ትፈራለች።

ቆጡ ላይ ረጋ ብላችሁ አስቡ። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ እንጨት ጥሩ ነው፤ ግን ልጡ ይላጥ፣ ቅንቅን የሚደበቀው ከልጡ ሥር ነውና። ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስፈልግ፣ ለ10 ዶሮ 2.5 ሜትር እንጨት ይበቃል። የመጀመሪያው እንጨት ከወለሉ 30፣ ሁለተኛው 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ በመካከላቸው 35፣ ከግድግዳው ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። እንደ ሳሶ ያለ ከባድ ዝርያ ከ60 በላይ አትስቀሉ፤ በየጠዋቱ ከከፍታ ሲዘል የደረት አጥንቱ ይጎዳል፣ መዳፉም ያብጣል። ቦቫንስና የሐበሻ ዶሮ ቀላል ስለሆኑ ከዚያ ከፍ ቢል አይቸገሩም። እንጨቱ በመመገቢያውና በውሃው አናት ላይ እንዳያልፍ፣ ሲረግጡትም እንዳይሽከረከር አጥብቃችሁ ምቱት።

ቄቦቹ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ግድም ቢደርሱ ይሻላል። ግቢው ላይ ሳትለቋቸው በቀጥታ ወደ ቤቱ አስገቧቸው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቆይቶ መኖ። የሁለት የሦስቱን ምንቃር ውሃው ውስጥ ነከር አድርጉ፤ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ከመሸ በኋላ፣ 1 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ባትሪ ይዛችሁ ተመልከቱ። ጨለማ ያልለመዱ ቄቦች ጥግ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ከታች ያሉት ታፍነው የሚሞቱትም እንዲህ ነው። ክምሩን በእጃችሁ በትኑ፤ ጥጎቹንም በሰጋቱራ በተሞላ ማዳበሪያ ድፈኗቸው። በዚህ ዕድሜ ላባቸው ስለሞላ፣ ነፋስ ካልገባባቸው የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ብርድ ይችላሉ። ከሰል አያይዛችሁ አታስገቡ፤ ጭሱ ቢጠፋም የማይታየው ጋዝ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፣ ሰጋቱራውም በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ከዚያ በኋላ ለ7 ሙሉ ቀናት መዝጋት ነው። ሰው የሚያሳጥረው ይህንኑ ነው፤ «አሳዘኑኝ» ብሎ በ3ኛው ቀን ይከፍትላቸዋል። ዶሮ ቤቷን የምታውቀው ደጋግማ አድራበት፣ በልታና ጠጥታበት ነው፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ከተከፈተላት የምታየው የመጀመሪያ ከለላ ማደሪያዋ ይሆናል፤ እሱን ማስተው ደግሞ ከማስተማሩ ይከብዳል። ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ በሽቦ የታጠረ ቦታ ካለ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ እዚያ ሊወጡ ይችላሉ። ቆላ ላይ ከሆናችሁ ቆርቆሮውን በሣር ወይም በሰሌን ሸፍኑት፤ ቀን ላይ ምድጃ የሆነ ቤት ማታም አይወደድም።

ቆጡን ማስለመድ የሚጀመረው በዚሁ ሳምንት፣ በ3ኛው ማታ ነው። ጨለማው ከወረደ በኋላ ግቡ፤ ያኔ አይሮጡም። ቄቧን ክንፎቿን ደግፋችሁ በሁለት እጅ አንሡ፤ እንጨቱ የቅልጥሟን ፊት እንዲነካ አስጠጓት፤ እግሯን አንሥታ ራሷ ትቆምበታለች። ጣቶቿ እስኪጨብጡ ድረስ አትልቀቁ። ደፋር የሆኑትን ሁለት ሦስቱን አስቀድሙ፣ ሌሎቹን ከጎናቸው። አንዳንዷ ወዲያው ትወርዳለች፤ አንድ ጊዜ መልሷት፣ እንደገና ከወረደች ለነገ ተዉአት። ይህን በየማታው ከደጋገማችሁ ብዙዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። ሳሶ ይዘገያል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ወለሉን ይመርጣል። ጉዝጓዙ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ በግድ አታስወጡት።

በ8ኛው ቀን በሩን የምትከፍቱት ጠዋት ሳይሆን ጀንበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። አዲስ አበባ ላይ ጀንበር ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ግድም መካከል ስለምትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መክፈት ያመቻል። ከ9 ሰዓት ጀምሮ መኖውን አንሡ፤ ትንሽ ይራቡ። ሲመሻሽ የተከካ በቆሎ በጣሳ ይዛችሁ እያንኳኳችሁ ቤቱ ውስጥ አፍስሱ፤ ድምፁ በየቀኑ ያው ይሁን። የበረንዳውን መብራት አጥፉ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ደካማ አምፖል ወይም ባትሪ አብሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፦ ዶሮዎቹ ወደሚበራበት ስለሚሄዱ የበረንዳው መብራት ወደ ሳሎን በር ይጠራቸዋል። ሁሉም ገብተው ከሰፈሩ በኋላ መብራቱን አጥፉ፣ ቆጥራችሁም ዝጉ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ እንዲህ እያላችሁ ወደ ሙሉ ቀን ትደርሳላችሁ።

ውጭ የቀረችውን በዱላ አታሳድዱ። እየተባረረች የገባች ዶሮ ቤቱን ከድንጋጤ ጋር አያይዛ ትይዘዋለች። ጨለማው እስኪይዛት ጠብቁና በእጅ አንሥታችሁ ቆጡ ላይ አስቀምጧት።

ስትገባ የከረመች ዶሮ ድንገት አልገባም ካለች ችግሩ ቤቱ ላይ ነው። ማታ በባትሪ የቆጡን ታችና መገጣጠሚያ እዩ፤ ነጭ ጨርቅ ስትጠርጉበት ቀይ ደም ከያዘ ቀዩ ቅንቅን ገብቷል። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይደበቅና ሌሊት ደማቸውን ይመጥጣል። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ እንጨቶቹን በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡ፤ ካልለቀቀ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ይዘዝላችሁ። ቅንቅን ከሌለ፣ በዶሮዋ ቁመት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ፤ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ጉዝጓዙ ረጥቧል፣ አየርም አይወጣም። ሽለምጥማጥ ወይም ድመት ሌሊት ጎብኝቶ ሊሆንም ይችላል፤ ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ በግማሽ ኢንች ብይድ ሽቦ ለውጡ።

ከገበያ የመጣች የሐበሻ ዶሮ ሌላ ናት። ቆጥ ታውቃለች፤ የማታውቀው የእናንተን ቤት ነው፤ አጥርም ትዘላለች። እግሯን በገመድ ማሰር የቆየ ልማድ ቢሆንም ገመዱ ደም ያግዳል፣ ቁርጭምጭሚቷም ይቆስላል፤ ለውሻና ለጭልፊትም ትጋለጣለች። ይልቅ ለሁለት ሳምንት ዝጉባት፣ የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎችም ቁረጡ። ሌሎች ዶሮዎች ካሏችሁ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ለብቻዋ፣ ራቅ ባለ ቦታ ትቆይ፤ ፈንግል ወደ ግቢ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ በመጣች ዶሮ ነው።

የእንቁላል መጣያ ሳጥኖቹ ሁልጊዜ ከቆጡ ዝቅ ይበሉ፤ ከፍ ካሉ ዶሮዎቹ እዚያው ያድራሉ፣ እንቁላሉም በኩስ ይበላሻል። ቄቦቹ 17 ሳምንት ግድም እስኪሞላቸው ድረስ በማዳበሪያ ጨርቅ ሸፍኗቸው። ከዚያ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሳጥን ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ መድቡ፤ ጭድ ጎዝጉዙበት፣ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ነጭ ድንጋይም አስቀምጡበት። መጣል ሲጀምሩ በሩን እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት አትክፈቱ፤ አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከዚያ በፊት ስለሆነ ቁጥቋጦ ሥር ከመፈለግ ትድናላችሁ።