የኬሞ መድኃኒት የሚለካ ሴንሰር እንዴት ይሠራል?

የስኳር መለኪያዋን ሳታውቋት አትቀሩም። ጣት ትወጋላችሁ፣ ጠብታ ደም ታስነካላችሁ፣ ቁጥር ይወጣል። ያቺ ቁራጭ ኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር ናት፤ ስኳሩ የሚለቀውን ኤሌክትሮን ትቆጥራለች። እኛ በዚሁ ብልሃት ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የኬሞ (የካንሰር) መድኃኒት እንለካለን።

ለምን እሱን? በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ከሰውነት ቶሎ ካልወጣ ኩላሊትንና መቅኔን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያያሉ። ማርከሻው ሉኮቮሪን ብዙ ጊዜ የሚቆመው መጠኑ ከ0.1 ማይክሮሞላር (በሊትር የሞል ሚሊዮንኛ) በታች ሲወርድ ነው። ሴንሰራችንም እዚያ ድረስ ማየት አለበት። መድኃኒቱ መርዛማ ስለሆነ ሥራው የላቦራቶሪ ነው፤ ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት።

1. ኤሌክትሮዱን ማሟሸት

ኤሌክትሮዱ ማለት ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው የሴንሰሩ ክፍል ነው፤ በኋላ ናኖ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የካርቦን ቱቦ እናለብሰዋለን። ሁሉም ስለ ናኖው ያወራል። እኔ ግን ውጤት የሚያበላሸው ይሄኛው ደረጃ ነው ባይ ነኝ። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ አይደል? ይሄም ያው ነው።

3 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የካርቦን ኤሌክትሮድ በእርጥብ ጨርቅ ላይ፣ በአሉሚና ዱቄት፣ 8 ቁጥር እየጻፋችሁ እሹት። መጀመሪያ በ0.3፣ ቀጥሎ በ0.05 ማይክሮን ዱቄት። ፊታችሁን እንደ መስታወት እስኪያሳያችሁ ድረስ። ከዚያ በኤታኖልና በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

አሁን በፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ፈትኑት። ቮልቱን ከፍ ከዚያ ዝቅ እያደረጋችሁ ስትቃኙ ከረንቱ ሁለት ጫፎች ያወጣል፤ ርቀታቸው በሐሳብ ደረጃ 59 ሚሊቮልት ነው። እኔ 80ን ካለፈ ወደ ጨርቁ እመልሰዋለሁ።

2. ናኖውን ማልበስ

1 ሚሊግራም የካርቦን ናኖቲዩብ በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤፍ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ በአልትራሳውንድ በትኑ። ጥቁርና እኩል የተበተነ፣ ጉብታ የሌለው መሆን አለበት። 5 ማይክሮሊትር ጠብ አድርጉና ይድረቅ። «ሲበዛ ይሻላል» ብዬ አንዴ 20 ጠብ አድርጌ ነበር፤ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተላጠና ውኃው ውስጥ ቀረ።

ቲዩቦቹ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። ገጹን ያሰፋሉ፣ የመድኃኒቱንም ቀለበታማ ሞለኪውል ይስባሉ።

3. መለካት

ሜቶትሬክሴቱን በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙና ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልሉት፤ ብርሃን አይወድም። ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 5 በሆነ አሴቴት በፈር፣ ማለትም ፒኤቹን ይዞ በሚያቆይ ፈሳሽ አቅጥኑት። ማጣቀሻ ኤሌክትሮዱንና የፕላቲነም ሽቦውን ጨምራችሁ ሦስቱንም ኤሌክትሮዶች ከፖቴንሽዮስታቱ (ቮልት ሰጥቶ ከረንት ከሚለካው መሣሪያ) ጋር አገናኙ። እያማሰላችሁ 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ መድኃኒቱ ቲዩቦቹ ላይ ይከማች። ከዚያ ከ0.4 እስከ 1.2 ቮልት በፐልስ ቮልታሜትሪ፣ ማለትም ቮልቱን በትንንሽ ምት ከፍ እያደረጋችሁ ከረንቱን በመለካት ቃኙ። ከረንቱ ላይ የሚታየው ጉብታ የመድኃኒቱ ነው። ቦታው በፒኤች ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ በፈሩን አትቀያይሩ።

0.1፣ 0.5፣ 1፣ 5 እና 10 ማይክሮሞላር አዘጋጅታችሁ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩና የጉብታውን ቁመት ከመጠኑ ጋር የሚያያይዝ መስመር አስምሩ።

4. ደም ሲመጣ

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የደም ፕሮቲን ኤሌክትሮዱ ላይ ይለጠፋል። ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) አሴቶናይትራይል በሚባል ማሟሚያ አርጉት፣ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩት፣ ከላይ ያለውን ወስዳችሁ አቅጥኑ። ከዚያ እዚያው ናሙና ላይ የታወቀ መጠን መድኃኒት እየጨመራችሁ ጉብታው ስንት እንዳደገ እዩ።

ደም ውስጥ ያሉት ዩሪክ አሲድና ቫይታሚን ሲ ጉብታውን እንዳያደናግሩ ለየብቻ ፈትኗቸው። ሉኮቮሪንንም አትርሱ። የፎሌት (የቫይታሚን ቢ9) ዘመድ ነው፣ በሽተኛው ደም ውስጥም አለ። ጉብታው ከሜቶትሬክሴት ጋር ከተደራረበ የምታነቡት ቁጥር የመድኃኒቱ ብቻ አይሆንም።