ከእርሻ ማሳ ዳር አፓርታማ ሲመጣ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀያሽ ነኝ። በወሎ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ፣ ከተማው ከማሳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ብዙ ችካል ተክያለሁ፤ ብዙ ስብሰባም ተቀምጫለሁ። ገበሬው ትክክለኛ ስጋት ይዞ መጥቶ አቀራረቡን ስላላወቀበት ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት አንገሽግሾኛል። ወጣት ፕላን አውጪዎችም በየዓመቱ በዚያው ስህተት ውስጥ ሲወድቁ አያለሁ። የምጽፈው ለሁለቱም ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ቁጣ ሁልጊዜ የሕንፃው ከፍታ ላይ ነው። «ፎቅ አይሁን፣ ተራ ቤት ይሁን» ይባላል። ማሳውን ለማዳን የተባለው ይህ ጥያቄ ማሳውን ያስበላል። አስሉት፦ 500 አባወራ እያንዳንዱ 200 ካሬ ሜትር ቢሰጠው መንገዱ ሳይቆጠር 10 ሄክታር ይሄዳል። እነዚያኑ 500 ቤቶች በየወለሉ አራት ቤት ባላቸው ባለ አምስት ወለል ሕንፃዎች ብንደራርባቸው 25 ሕንፃ ይበቃል፤ ከነግቢውና ከነመንገዱ 4 ሄክታር ብንሰጣቸው እንኳ 6 ሄክታር ተረፈ። መከራከር የሚገባው ያ 6 ሄክታር ነገም የሚታረስ መሬት ሆኖ እንዲቆይ ነው። ድንበሩ የት ላይ እንደሚቆም በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም የከተማው መሬት የቱ ለምን እንደሚውል በሚወስነው ፕላን ላይ መስፈሩን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን 10 ዓመት ያገለግላል፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ፕላኑ ሲዘጋጅና ሲከለስ እንጂ ዶዘር ከገባ በኋላ አይደለም።

የሚቀጥለውን ግን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም፤ አሁንም እናገረዋለሁ። መሬትን በበጋ አይታችሁ አትፍረዱ! የጥናት ቡድን የሚመጣው በጥር ነው። መንገዱ ደርቋል፣ ማሽላው ታጭዷል፣ መኪና እስከ ማሳው ድረስ ይገባል። ቦዩ ሣር በቅሎበት ተራ ጉድባ ይመስላል። ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ተሰነጣጥቆ ስለሚታይ የፈለገውን ያህል ውሃ የሚጠጣ ይመስላል፤ በሐምሌ ግን ያ ስንጥቅ አብጦ ይዘጋና ውሃው በላዩ ይተኛል። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ቦርከና ከዚያ በዶሮ መዝለያ በኩል 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ጣሪያና አስፋልት በተጨመረ ቁጥር ጎርፉ እየፈጠነ ይመጣል። በ1 ሄክታር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 300 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሰፈር 1,500 በርሜል። ማሳ ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ቆርቆሮና ኮንክሪት ግን ሁሉንም ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከታች ባለው ሰው መሬት ላይ ያወርደዋል።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ቦይ በካርታዬ ላይ «ደረቅ ጉድባ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህ የመስኖ ቦያችን ነው፤ በክረምትም የተራራውን ጎርፍ የሚያሻግርልን እርሱ ነው» ብለውኝ ነበር። መሽቶ ስለነበር አልመዘገብኩትም። ቦዩ ለመንገድ ተሞላ። በሐምሌ ጎርፉ መውጫ ሲያጣ ገና በተዘራ ጤፍ ላይ ወጣ፤ ማሳው ደለል ለበሰ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አዛውንቱ ቡና አስፈልተው አስቀመጡኝ፤ ስወጣ «አብሽር» ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስለዚህ ባለሙያዎች፣ በሐምሌ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ተመለሱ። ወሎ በበልግም እንደሚዘንብበት አትርሱ። ነዋሪዎች፣ ጎርፉን በስልካችሁ ቅረጹ፤ ቀኑንና ቦታውን አብራችሁ መዝግቡ።

ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ መሄድም አለ። «ሴፕቲክ ታንክ ይኖረዋል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። በየስንት ጊዜ ይመጠጣል? ማን ይከፍላል? የተመጠጠውስ የት ይደፋል? ሞልቶ የፈሰሰ ታንክ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ቦይ ሰላጣና ቲማቲም ይጠጣል፤ ሰላጣው ደግሞ ተመልሶ አፓርታማው ውስጥ ሳይበስል ይበላል። ቦርከናም እዚህ አያበቃም፤ በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ለግጦሽ በሚመጣበት በጨፋ ረግረግ አልፎ አዋሽ ይገባል።

ሕጉን ሳይዙ ስብሰባ መግባትም ስህተት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ሪፖርቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የይዞታ ደብተር ያለውን ብቻ መጥራት ሌላው ነው። መሬቷን በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለመካፈል፣ ለሌላ አራሽ ሰጥታ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ የእኩል አራሹም አለ። የማሳው ነገር ሁለቱንም ይመለከታል። ማስታወቂያን በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ መሄድ አይበቃም፤ በቅሬው (በእድሩ) በኩል አስነግሩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ይገኛል።

ቤት ፈልጎ የሚመጣውን ሰው እንደ ጠላት አትዩት፤ ልጆቻችሁም ቤት ይፈልጋሉ።

በመጨረሻም የውሃ አባቱን አትርሱ። የመስኖ ውሃ ተራ የሚያወጣው፣ ቦዩ መቼና በማን እንደሚጠረግ የሚያውቀው እርሱ ነው። የማሳው ግማሽ ለግንባታ ሲወሰድ ቦይ የሚጠርገው ሰውም በግማሽ ይቀንሳል፤ የቦዩ ርዝመት ግን አይቀንስም። የቀሩት ገበሬዎች ሲያቅታቸው ቦዩ ይደፈናል፤ በፕላኑ ላይ ለእርሻ የተከለለውም መሬት በውሃ እጦት ጦሙን ያድራል። ስለዚህ አዲሱ የነዋሪዎች ማኅበር ለጠረጋው ሰው እንዲመድብ፣ ካልሆነም የሠራተኛ ዋጋ እንዲከፍል ከጅምሩ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ጠረጋው ዝናቡ እንዳበቃ፣ በጥቅምት ነው የሚጀመረው።