በሐዋሳ ያለ ቤትዎን በወኪል ለማከራየት፦ የውክልና አሰጣጥና የሂሳብ ቁጥጥር

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ የኪራይ ቤት ፈላጊው በርክቷል፤ ኑሯቸው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሆነ ባለቤቶችም ግቢያቸውን ለሚያውቁት ደላላ አስረክበው ይሄዳሉ። ተከራይ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ የሚሄድ ደላላ ሥራው እዚያው ያበቃል። ቁልፍ ተረክቦ በባለቤቱ ስም የሚዋዋል፣ ኪራይ የሚሰበስብና ቤት የሚያሳድስ ሰው ግን ወኪል ነው፤ በእርሱና በባለቤቱ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2179 ጀምሮ ስለ ውክልና የደነገገው ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ተከራይ ማግኘት ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግዎት፣ ውክልና አይስጡ።

ወኪል የሚያስፈልግዎት ከሆነ ቀጣዩ ሥራ የውክልና ሰነዱን ማዘጋጀት ነው፤ እዚህ ላይ ፈጽሞ አይቸኩሉ። ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ቅጽ አውጥተው «እኔን ተክቶ ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽም» የሚል ሐረግ ይሞላሉ። ሕጉ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚያስፈጽም በአንቀጽ 2203 ይደነግጋል። የአስተዳደር ሥራ ማለትም በአንቀጽ 2204 መሠረት ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈልን የመሳሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ ወይም በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2205)። ለኪራይ ተብሎ በሚሰጥ ሰነድ ውስጥ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለው ቃል በልማድ ሲገባ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ያስወጡት። በምትኩ የቤቱን አድራሻና የካርታ ቁጥር፣ ዝቅተኛውን የኪራይ ዋጋ፣ የውሉን ዘመን፣ ወኪሉ ሳያስፈቅድ ለእድሳት ሊያወጣ የሚችለውን የገንዘብ ጣሪያ፣ እንዲሁም ሌላ ሰው መተካት መቻል አለመቻሉን ለይተው ያስጽፉ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ሰነዱ የግድ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት፤ ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አስፈርመው ይልካሉ።

ከዚያ የገንዘቡን መንገድ ይወስኑ። አቶቴ አካባቢ የሚገኘውን የእህቴን ግቢ የያዘ አንድ ወኪል ከተከራዮቹ በተዋዋለበት ዋጋና ለእህቴ በነገራት ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለወራት ለራሱ ሲያስቀር ቆይቷል፤ ነገሩ የታወቀው አንዲት ተከራይ ስለ ውኃ ቆጣሪ ልትጠይቅ ለእህቴ በቀጥታ ስትደውል ነው። ወኪሉ «ልዩነቱ የድካሜ ዋጋ ነው» ብሎ ተከራከረ። ሕጉ ግን ወኪል ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው አንዳች ጥቅም እንዳያገኝ በአንቀጽ 2209 ያዝዛል፤ የተቀበለውን ገንዘብ ሁሉ እንዲያስረክብም ቀጣዩ አንቀጽ ያስገድደዋል። ከተከራይ በስውር የሚወሰድ ኮሚሽንም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። በእኔ እምነት አስተማማኙ መፍትሔ ኪራዩ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግና የሒሳብ ቁጥሩን በኪራይ ውሉ ላይ መጻፍ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አለመብለጥ ስላለበት፣ ወኪሉ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ እንዳይቀበል በግልጽ ይከልክሉት።

በየወሩ መጨረሻ ሂሳብ ይጠይቁ። ወኪል ወካዩ በጠየቀው ጊዜ ሁሉ ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት (አንቀጽ 2213) ጥያቄው እንደ ጥርጣሬ ሊቆጠር አይገባም። እኛ የምንቀበለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ በአንድ ወገን የየክፍሉ ኪራይና የተከፈለበት ቀን፣ በሌላው ወገን ለቧንቧ፣ ለአምፖልና ለቁልፍ የወጣው ይሰፍራል። የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ወኪሉ የሠራተኛውን ስምና ስልክ ጽፎ ያስፈርመዋል፤ የተለወጠውን ዕቃ ፎቶ በቴሌግራም ይልካል።

ባለቤቱም ግዴታ አለበት። ክፍያውን በመቶኛ ወይም በቁርጥ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ በቅድሚያ ይስጡ፣ ወኪሉ በአግባቡ ከኪሱ ያወጣውንም ይተኩለት። ዝናብ ጣሪያ ሲያፈስ ከኪሱ ቆርቆሮ የገዛን ሰው ለወራት ማስጠበቅ ከሕግም ከይሉኝታም ውጭ ነው፤ ደመወዙ የተጓተተበት ወኪል ከኪራዩ ራሱ ቀንሶ መውሰድ ይጀምራል።

በመጨረሻ ሲለያዩ፣ ውክልናን በማንኛውም ጊዜ መሻር የባለቤቱ መብት ነው፤ «አይሻርም» የሚል ስምምነት ቢኖር እንኳ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 2226)። ሆኖም ሽሮ ዝም ማለት አደገኛ ነው። ሰነዱ በቀድሞው ወኪል እጅ ከቀረ፣ ወይም መሻሩን ያልሰማ ተከራይ ከእርሱ ጋር ውል ካደሰ፣ አንቀጽ 2195 ባለቤቱንም ከወኪሉ ጋር ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ ሽረቱን ውክልናው በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፣ ዋናውን ሰነድ ከነቅጂው ያስመልሱ፤ ለእያንዳንዱ ተከራይም ከዚያ ቀን ጀምሮ ውል የሚያድሰውና ቁልፍ የሚረከበው ማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጥተው በቅጂው ላይ ያስፈርሙ።